ኮንዶሚኒየም ላሳድስ ነው፣ ኮንትራክተሩ 70% ቅድሚያ ካልተከፈለኝ አልጀምርም ይላል

የሰሚቷ፦

ሰላም ናችሁ ወገኖች፣ ትንሽ ረዘም ይላል ታገሱኝ። ሰሚት ኮንዶሚኒየም ሶስተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ቤት አለን፣ ከሰው ላይ ነው የገዛነው፣ እድሳት የሚባል ነገር ነክቶት አያውቅም። ባለቤቴ ሪያድ ነው የሚሰራው፣ ብሩን የሚልከው እሱ ነው፣ የማሰራው ግን እኔ ነኝ። እናቴና ሁለት ልጆቼ አብረውኝ አሉ፣ ትልቁ ልጄ አስም አለበት።

ማሰራት የምፈልገው የኪችኑን ግድግዳ አስፈርሼ ከሳሎን ጋር ማገናኘት፣ ሻወር ቤቱን ሙሉ ለሙሉ ማደስ (ከስራችን ያሉት ጎረቤቶች ውሃ ይንጠባጠብብናል እያሉ ነው እውነታቸውን ነው)፣ ወለሉን ሴራሚክ፣ ሳሎኑን ጂፕሰም ኮርኒስ፣ ከዛ ቀለም፣ የኤሌክትሪክ መስመሩንም ማስቀየር ምክንያቱም ምጣድ ስሰካ ሶኬቱ ይግላል፣ አንዳንዴ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል።

ሁለት ሰው አይቶታል። አንደኛው ደላላ ያመጣው ነው፣ ኮንትራክተር ነኝ ይላል፣ ከነእቃው በቁርጥ ዋጋ ሰጠኝ፣ በ30 ቀን ቁልፍ አስረክብሻለሁ አለ፣ ግን 70% ቅድሚያ ካልተከፈለው አይጀምርም፣ ሲሚንቶና ሴራሚክ እየጨመረ ነው ዛሬ ካልገዛን ነገ በዚህ ዋጋ አልሰራም እያለ በየሰአቱ ይደውላል። ስልኩ ላይ ያሳየኝ ቤቶች ደግሞ በጣም ነው የሚያምሩት። ሁለተኛው የጎረቤቴን ቤት የሰራ ልጅ ነው፣ የእጅ ዋጋ ብቻ ነው የሚጠይቀው፣ እቃውን አንቺ ግዢ አለኝ፣ ስራውን በአይኔ አይቻለሁ ጥሩ ነው፣ ግን ንግድ ፈቃድ የለው ምን የለው። ባለቤቴ "ለመጀመሪያው ስጪውና ተገላገይ፣ የሁሉንም ነገር ሀላፊነት አንድ ሰው ይውሰድ" ይላል።

ለማን ልስጥ? ስንት ብከፍል ነው ልክ የሚሆነው? ግድግዳ ለማፍረስ ፈቃድ ያስፈልጋል እንዴ የራሴ ቤት አይደል? ደግሞ እየተሰራ እዛው ብንኖርበትስ፣ ቤት ለመከራየት አቅም የለኝም። ያሰራችሁ ሰዎች እባካችሁ።

ፊኒሺንግ_ፎርማን፦

እህቴ 70% እኮ ቅድሚያ አይባልም። ስራው ሳይጀመር ሰውየው ትርፉን ይዞ መውጣት የሚችልበት ብር ነው። እኔ በዚሁ ስራ ላይ ነኝ ያለሁት፣ የሙያ ጓደኞቼ ይቆጡኝ እንጂ እውነቱን ልንገርሽ፣ ብዙው ሰው ሌባ ሆኖ አይደለም ቅድሚያ የሚያበዛው። ያንቺን ብር ይዞ ገርጂ ለጀመረው ቤት ሴራሚክ ይገዛበታል፣ ከዛ ያንቺን ለመጀመር ደግሞ ሌላ ደንበኛ ቅድሚያ እስኪሰጠው ይጠብቃል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ የሆነ ቦታ ላይ ይበጠሳል፣ መጨረሻ ላይ የከፈለው ሰው ቤቱ ፈርሶ ይቀራል። ስለዚህ ሰውየው መልካም ሰው ነው ወይ የሚለው ጥያቄ አይደለም ዋናው፣ ብርሽ ያንቺ ቤት ውስጥ ነው ወይ የሚለው ነው።

እኔ የምሰራበት መንገድ ይሄ ነው። እቃ በባለቤት፣ የእጅ ዋጋ በየምእራፉ። ለመጀመሪያ ከእጅ ዋጋው 15 ወይ ቢበዛ 20% ትሰጪዋለሽ፣ መሳሪያ ለማጓጓዝና ለልጆቹ ምሳ እሱ ይበቃዋል። ፍርስራሹ ወጥቶ ቧንቧና የኤሌክትሪክ መስመር ግድግዳ ውስጥ ሲቀበር አንድ ክፍያ፣ ልስንና ሴራሚክ ሲያልቅ አንድ፣ ጂፕሰምና ቀለም ሲያልቅ አንድ። ከእያንዳንዱ ላይ 10% እየቀነስሽ ያዢ፣ ስራው አልቆ ቤቱን ሁለት ወር ከተጠቀምሽበት በኋላ ስጪው። ትልልቅ ፕሮጀክት ላይ ሪቴንሽን የሚሉት ይሄን ነው፣ ለትንሽ ቤት የማይሰራበት ምክንያት የለም። በስራው የሚተማመን ባለሙያ ትንሽ ያጉረመርማል እንጂ እሺ ይላል።

እቃ ስትገዢ ባለሙያው አብሮሽ ሄዶ አይነቱን ይምረጥ፣ ዋጋ ላይ ግን እሱ አይደራደርልሽ፣ ሱቆቹ ኮሚሽን ይሰጡታል፣ ይሄ መርካቶም ሰፈር ውስጥም ያለ ነው ማንም አይደብቀውም። አይነቱን በስልክሽ ፎቶ አንሺና በሌላ ቀን ብቻሽን ሄደሽ ጠይቂ። ሴራሚክ ከሚያስፈልገው ካሬ 10% አብልጠሽ በአንዴ ግዢ፣ ሲቆረጥ ይሰበራል፣ በኋላ ተመልሰሽ ብትሄጂ ደግሞ ያው ስም ያው ቁጥር ሆኖ ቀለሙ ይለያል። ካርቶኑ ላይ የባች ቁጥር አለ ሁሉም አንድ መሆኑን እዛው ሱቅ ቆመሽ እዪ።

30 ቀን ያለው ነገር ደግሞ አልተመቸኝም። እንሰራዋለን ካልን እንሰራዋለን፣ ግን አዲስ ልስን ውሃ እየጠጣ መቆየት አለበት፣ ከዛ ደግሞ መድረቅ አለበት፣ እርጥብ ግድግዳ ላይ ስቱኮ ተመቶ ቀለም ከተቀባ በመጀመሪያው ክረምት ይላጣል። ቶሎ ልጨርስልሽ የሚልሽ ሰው የሚቆርጠው ከዚህ ላይ ነው።

ቀልደኛው_ከጀሞ፦

70%ቱን ስጪውና ከሳምንት በኋላ ደውዪለት፣ "የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም" የምትለዋ ሴትዮ ታነሳልሻለች 😂 እሷ ብቻ ናት ቃሏን የምትጠብቀው

መሀንዲስ_ግን_የራሴን_አልጨረስኩም፦

ስለ ክፍያው ፎርማኑ ጥሩ ብሎታል፣ እኔ ግድግዳው ላይ ልምጣ ምክንያቱም እሱ ነው ያሳሰበኝ።

የኮንዶሚኒየም ቤቶቻችን ሸክማቸውን የሚይዘው ኮለንና ቢም (የኮንክሪት ምሰሶውና አግዳሚው) ነው፣ በመሀል ያለው ግድግዳ ብሎኬት ነው መለያ ብቻ። ስለዚህ የኪችኑ ግድግዳ በአብዛኛው ቢፈርስ ህንጻው አይወድቅም። ግን "በአብዛኛው" ነው ያልኩት። የትኛው ኮለን የትኛው ብሎኬት እንደሆነ ልስኑ ሳይላጥ በአይን አይታወቅም፣ ደግሞ የኪችን ግድግዳ ውስጥ የውሃ ቧንቧና የኤሌክትሪክ መስመር ያልፋል፣ ከላይ ላለው ቤት የሚሄድም ሊሆን ይችላል። ኢንጅነር አምጥተሽ አንድ ጊዜ አሳዪው፣ የሚከፈለው ብር ከጠቅላላው አንጻር ምንም ማለት አይደለም። ሰራተኛው ኮለን ወይ ቢም ላይ መዶሻ ሲያነሳ ካየሽ፣ ለቧንቧ ማሳለፊያ ትንሽ ነው እያለም ቢሆን፣ እዛው አስቁሚው።

የራሴ ቤት አይደል ወይ ላልሽው፣ ከበርሽ ወደ ውስጥ ያለው ነው ያንቺ። ኮለኑ፣ የውጭ ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ ደረጃው፣ የጋራ የቧንቧ መስመሩ የሁሉም ነው፣ ይሄ በ1995ቱ የኮንዶሚኒየም አዋጅ 370 የተቀመጠ ነው። ስለዚህ ቀለምና ሴራሚክ ሌላ ነገር፣ ግድግዳ ማፍረስ ግን መጀመሪያ የነዋሪ ማህበሩን፣ ከዛ የወረዳውን የግንባታ ፈቃድ ቢሮ ማናገር አለብሽ። በእጅሽ ወረቀት ከሌለ አንድ ጎረቤት ብቻ ደንብ ማስከበር ጋ ቢደውል ስራው መሀል ላይ ይቆማል፣ ሰራተኛው ግን የቆመበትን ቀን ይቆጥርብሻል።

አፈራረሱም እራሱን የቻለ ነገር ነው። ግድግዳ ከላይኛው ረድፍ ጀምሮ ብሎኬት በብሎኬት ነው የሚወርደው፣ ከስር መትቶ ገፍቶ መጣል አይቻልም፣ የጣሉት እለት ከነ ክብደቱ የታችኛው ሰው ጣሪያ ላይ ነው የሚያርፈው። መጀመሪያ መብራቱም ውሃውም ይዘጋ።

ሌላ ሰው የማይነግርሽ ደግሞ ክብደት ነው። የብዙዎቹ የ20/80 ቤቶች ሶሌታ (በፎቅና በፎቅ መሀል ያለው ወለል) ተሰርቶ የመጣ ፕሪካስት ቢም ተደርድሮ በመሀሉ ባዶ ብሎኬት የገባበት ነው። ሰራተኛ ግን ድካም ለመቀነስ አሸዋውንም ሲሚንቶውንም ፍርስራሹንም በረንዳ ላይ ይቆልለዋል። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 50 ኪሎ ነው፣ ሀያው አንድ ቶን ነው፣ በረንዳ ደግሞ ለሰውና ለልብስ ማስጫ ነው የተሰራው። እቃ በየጊዜው በትንሽ በትንሹ ይግባ፣ በየክፍሉ ይበተን፣ ፍርስራሽ በማዳበሪያ ሆኖ በየቀኑ ይውረድ። ወለሉ ላይም ያለውን ሳያነሱ ላዩ ላይ እንለጥፍልሽ ይሉሻል፣ ፈጣን ስለሆነ። አምስት ሳንቲሜትር ሊሾ (ከሴራሚኩ ስር የሚፈሰው የሲሚንቶና አሸዋ ወለል) በካሬ ወደ 100 ኪሎ ይመዝናል፣ 40 ካሬ ላይ አራት ቶን ጨመርሽ ማለት ነው ከሴራሚኩ ውጪ። አሮጌው ይነሳ።

ጂፕሰም ኮርኒሱም ባዶ ብሎኬቱ ላይ በፊሸር (ብሎን የሚይዘው ፕላስቲክ) ብቻ ከተንጠለጠለ አይዝም፣ የሶሌታውን ቢም ፈልገው ብሎኑን እዛ ላይ በድሪል ያስገቡት።

የመስመር_ሰው፦

ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ሌላው ሁሉ ይቆይ፣ ሶኬቱ የሚሸት ከሆነ ዛሬ ምጣዱን እዛ ላይ መሰካት አቁሚ። እድሳቱን አትጠብቂ።

ምጣድ ወደ 3500 ዋት ይስባል፣ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ማለት ነው፣ ተራ ሶኬት ደግሞ 16 ላይ ነው ገደቡ፣ ያውም ለአንድ ሰአት ተኩል ሳይቋረጥ እንጀራ ሲጋገርበት። በዛው መስመር ላይ ፍሪጅ ካለበት ወይ የሻወር ሂተር ካለበት በቃ። ስታስቀይሪ ለምጣድ ብቻውን ከቦርዱ የሚነሳ 4 ካሬ ሽቦና የራሱ ብሬከር፣ ለሻወር ሂተር እንዲሁ ብቻውን፣ ለሌሎቹ ሶኬቶች 2.5፣ ለመብራት 1.5። አንዳንዱ ሰራተኛ ብሬከሩ ሲወርድ ሽቦውን እንደመቀየር ብሬከሩን በትልቅ ይቀይረዋል፣ ያኔ የሚቃጠለው ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ነው። ለሻወር ቤቱና ለኪችኑ ሊኬጅ የሚቆርጥ ብሬከር 30 ሚሊአምፔሩን አስገቢ፣ ኧርዝ ደግሞ ከምር መሬት የገባ መሆኑን በመሳሪያ ለክቶ ያሳይሽ፣ ብዙ ቤት ሶስተኛዋ ሽቦ ሶኬቱ ጋ ትደርሳለች ከሌላው ጫፍ ግን ከምንም ጋር አልተያያዘችም።

ሽቦውን አንቺ ግዢ፣ 2.5 ተብሎ የተጻፈበት ውስጡ ግን የቀጠነ ገበያው ላይ ሞልቷል። ጫፉን አስልጠሽ ከጥሩው ጋር ጎን ለጎን አድርገሽ እዪው፣ ልዩነቱ ይታያል።

ልስን ከመመታቱ በፊት ደግሞ ግድግዳውን ሁሉ ክፍል በክፍል ቪዲዮ ቅረጪው፣ ሜትር አስይዘሽ። ከአመት በኋላ ለመጋረጃ ዘንግ ስታስበሺ የትኛው ጋ መስመር እንዳለ ታውቂያለሽ።

አሁን ስለ ሰራተኞቹ። የግራይንደርና የድሪል ገመዳቸውን እዪ። መሰኪያ የሌለው፣ ሁለት ሽቦ ልጠው በክብሪት እንጨት ሶኬት ውስጥ ወትፈው የሚሰሩ አሉ፣ ወለሉ እርጥብ ሆኖ በባዶ እግር። ልጆች ባሉበት ቤት ይሄ አይሞከርም። መሰኪያ ያለው ኤክስቴንሽን አንቺው ገዝተሽ ስጫቸው፣ ማታ ሲሄዱ ዋናውን ብሬከር አውርደሽ ለሚያስፈልግሽ ክፍል ብቻ ክፈቺ። ከቆጣሪው በፊት ያለውን ግን ማንም አይንካ፣ 905 ደውለሽ የመብራት ሀይል ሰዎች ይምጡ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦

እኔ ያለሁት ሜሪላንድ ነው፣ እዚህ ቤት የሚያድስ ኮንትራክተር ከስቴቱ ላይሰንስ ማውጣት ግዴታው ነው፣ ቁጥሩም ውሉ ላይ መጻፍ አለበት፣ ኢንተርኔት ላይ አስገብተሽ ታዪዋለሽ። ቅድሚያ ደግሞ ከጠቅላላው አንድ ሶስተኛ በላይ መቀበል በህግ አይችልም። እንደሱ አይነት ነገር ጠይቂው፣ ላይሰንስ ከሌለው አታናግሪውም በቃ። ሌላው የቆየ ቤት ከሆነ ሊድ (እርሳስ የሚባለው ብረት) ያለበት ቀለም ሊኖር ይችላል፣ እዚህ በፈረንጆቹ ከ1978 በፊት የተሰራ ቤት ሲፋቅ ሰርተፋይድ የሆነ ሰው ነው የሚነካው። የልጅ አእምሮ ነው የሚጎዳው።

ፊኒሺንግ_ፎርማን፦

@ሲልቨር_ስፕሪንግ ወንድም አንድ ሶስተኛው ጥሩ ሀሳብ ነው፣ እዚህም በውል ማስገባት ይቻላል። ላይሰንሱ ግን እዚህ ትንሽ ይለያል፣ የኮንትራክተር ደረጃ ከ1 እስከ 10 አለ፣ ያ ለህንጻ ነው፣ ኮንዶሚኒየም ቤት ሴራሚክና ቀለም የሚሰራው ልጅ ፈቃድ ካልያዘ አትንኪው ካልናት ማንም አይቀርላትም። ወረቀት የያዘውም ቢሆን ፈቃዱን ሰጥቶ የሚያሰራው እነዚህኑ ልጆች ነው። እዚህ የሚያስተማምነው የሰራውን ቤት ሄዶ ማየት ነው፣ ያውም አዲሱን ሳይሆን ሁለት ክረምት ያለፈበትን። ያ ደላላ ያመጣውን ሰውዬ ስልክህ ላይ ካሉት ቤቶች አንዱን ውሰደኝ በዪው፣ ባለቤቷንም ላናግራት በዪው። ምክንያት ሲደረድር ታዪዋለሽ።

ስለ ሊድ ያልከው ግን ልክ ነህ። እዚህም በህግ ገደብ ተቀምጦለታል፣ 90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ)። ሰሚት ያን ያህል የቆየ ቤት አይደለም፣ ግን የድሮ የዘይት ቀለም የተቀባ በርና ፍሬም ካለ በደረቁ በአሸዋ ወረቀት አይፋቅ፣ እያረጠቡ ነው። አዲስ ስትገዢም ቆርቆሮው ላይ ምን እንደተጻፈ አንብቢ።

እማማ_ካራሎ፦

የኔ እናት እኔ ደግሞ ስለ ኑሮው ልንገርሽ፣ ወንዶቹ እሱን አይነግሩሽም። እኔም ልጆችና አማቴ ቤት ውስጥ እያሉ ነው ያሰራሁት።

ሙሉ ጊዜውን መውጣት ባትችዪ እንኳን ሁለት ጊዜ ግን ልጆቹን ይዘሽ መውጣት አለብሽ። አንዱ ግድግዳ ሲፈርስና ሴራሚክ በግራይንደር ሲቆረጥ፣ ሌላው የዘይት ቀለም በቲነር ሲቀባና ኮላ ሲነካ። አስም ላለበት ልጅ ከዚህ በላይ ጠላት የለም። ዘመድ ቤት፣ እህት ቤት፣ ይሉኝታ ይቅር ለጥቂት ቀን ነው። ለግድግዳው ደግሞ የውሃ ቀለም አስቀቢ፣ የዘይቱ ለበርና ለብረት ብቻ ይሁን።

በቀረው ጊዜ አንድ መኝታ ቤት ባዶ አድርጊና እዛ ኑሩ፣ እሱ መጨረሻ ላይ ይሰራል። በሩን በወፍራም ላስቲክና በፕላስተር ከውጭ ዝጊው፣ ከስሩ እርጥብ ጨርቅ። ሴራሚኩ ውሃ እየፈሰሰበት ይቆረጥ፣ ቢቻል ደግሞ ታች ግቢ ውስጥ፣ ያ ነጭ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም፣ ለሰራተኞቹም ቢሆን የሰው ልጆች ናቸው ደህና ማስክ ግዢላቸው፣ ያቺ ስስ ሰማያዊዋ ለዚህ አትሆንም። መጥረጊያ በደረቁ አይነካ፣ እየረጨሽ።

እሳት!! ቲነር ተከፍቶ ባለበት ቤት ቡና አይፈላም፣ ከሰል አይቀጣጠልም፣ ሲጋራ የሚያጨስ ካለ ወደ ታች ይውረድ። ቲነሩ ማታ ማታ ከቤት ይውጣ። እቃ ለመጠበቅ ብለው የሚያድሩ ልጆች ካሉ ደግሞ ብርዱን ለመከላከል መስኮት ዘግተው ከሰል ይዘው እንዳይተኙ አስጠንቅቂያቸው፣ ባይሸትም ይገድላል፣ በየክረምቱ የምንሰማው ነው። የእሳት አደጋ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ወረቀት ላይ ጽፈሽ በሩ ላይ ለጥፊው፣ ሰው ሲደነግጥ የራሱን ስልክ ቁጥር ይረሳል።

ሌላው ብቻሽን ሴት ነሽ ባልሽም ውጭ ነው። ይሄን ለሰራተኛ አትንገሪ። ባለቤቷ ውጭ ነው ማለት ለነሱ ብር አለ ማለት ነው። ወንድምሽ ወይ አጎትሽ በመጀመሪያው ቀን መጥቶ ይታይ፣ ከዛም በመሀል በመሀል ብቅ ይበል። ወርቅና ሰነድ ከቤት ይውጣ። የሚገቡትን ልጆች መታወቂያ አንድ በአንድ ፎቶ አንሺ፣ ዛሬ የመጣው ነገ ሌላ ልኮ ይቀራል፣ ያልተመዘገበ ሰው አይገባም በያቸው፣ ለጥበቃውም ንገሪው። ስራው ሲያልቅ የበሩን ቁልፍ ሲሊንደር አስቀይሪ። ምሳና ሻይ ግን አትንፈጊያቸው፣ የበላ ሰራተኛ ሌላ ነው።

ነገረ_ፈጅ፦

ውል ላይ ትንሽ ልጨምር። ፎርማኑም እማማም በስልክ ተስማምተው የሚሰሩ ነው የሚመስሉት፣ እሱ ለሚተዋወቅ ሰው ነው። አንቺ ሁለት ገጽም ትሁን ጻፊ፣ ምስክሮች ይፈርሙ። የሚጻፈው ዋጋው ብቻ አይደለም፣ የእያንዳንዱ ስራ ካሬው፣ የእቃው አይነትና ማርካ፣ በየትኛው ደረጃ ስንት እንደሚከፈል፣ ቀን ካለፈ በቀን ስንት እንደሚቀነስ፣ ተጨማሪ ስራ ከመጣ በጽሁፍ ካልተስማማችሁ እንደማይከፈል፣ ፍርስራሹን ማን በምን መኪና የት እንደሚወስደው (መንገድ ዳር ተጥሎ ከተገኘ ቅጣቱ ባንቺ ስም ነው የሚመጣው)፣ የጎረቤት ቤት ቢበላሽ ማን እንደሚያሰራ። የፋይዳ መታወቂያውን ኮፒ ከውሉ ጋር አያይዢ።

ክፍያ በሙሉ በባንክ ወይ በቴሌብር፣ በራሱ ስም በተከፈተ አካውንት፣ የደላላውም የወንድሙም አካውንት አይሆንም። ምክንያት የምትለዋ ቦታ ላይ "ለሴራሚክ ስራ ሁለተኛ ክፍያ" ብለሽ ጻፊ። ፍርድ ቤት ብትሄዱ ከምስክር ይልቅ እሷ ትናገራለች።

ሰራተኛ ቢጎዳስ የሚለውን ማንም አላነሳውም። የቀን ሰራተኛ አንቺ ራስሽ ቀጥረሽ፣ አንቺ እያዘዝሽ ካሰራሽ ጣጣው ወዳንቺ ነው የሚመጣው። ስራውን ራሱን ችሎ የያዘ ባለሙያ የራሱን ሰዎች ይዞ ሲመጣ ግን አሰሪያቸው እሱ ነው። ስለዚህ የእጅ ዋጋ ብቻ ለሚሰራው ልጅ ብትሰጪም ውሉ ላይ "ረዳቶቹን የሚቀጥረውም የሚከፍለውም ለደህንነታቸው ተጠያቂውም ስራ ተቀባዩ ነው" የሚል ይግባ፣ አንቺም ደግሞ በየሰአቱ እየገባሽ ይሄን አንሳ ያን አውርድ እያልሽ ረዳቶቹን አትዘዢ፣ ያለሽን ለሱ ንገሪው።

የሰሚቷ፦

ኧረ ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፣ ለባለቤቴ ሁሉንም ስክሪንሾት አድርጌ ልኬለታለሁ አንብቦ ዝም ብሏል 😅 ምጣዱን እናቴ ከሰማች ወዲህ ማንም እንዲሰካው አልፈቀደችም፣ እንጀራ እየገዛን ነው።

ለሰውየው ትናንት ደወልኩለትና እቃውን እኔ እገዛለሁ የእጅ ዋጋህን ብቻ ንገረኝ አልኩት። መጀመሪያ ተቆጣ፣ ከዛ 40% ይሁን አለ፣ ከዛ ደግሞ ከነእቃው ካልሆነ አልሰራም አለ። ከሰራቸው ቤቶች አንዱን አሳየኝ ስለው ባለቤቶቹ ውጭ ሀገር ናቸው ቁልፍ የለኝም አለኝ። ሁሉም ውጭ ናቸው እንዴ።

የጎረቤቴ ልጅ ግን በምእራፍ መከፈሉንም 10%ቱንም እሺ ብሏል፣ ውልም እፈርማለሁ አለ። ከሻወር ቤቱ ልጀምር ይላል። ይሄ ልክ ነው? ውሃ እንደማያሳልፍ እንዴት ነው የማረጋግጠው, ሴራሚኩ ከተለጠፈ በኋላ ቢንጠባጠብ እንደገና ማፍረስ ሊሆን ነው።

መሀንዲስ_ግን_የራሴን_አልጨረስኩም፦

ከሻወር ቤቱ መጀመሩ ልክ ነው፣ ግን እዛው እየኖራችሁ ከሆነ ሽንት ቤት የምትጠቀሙበትን ነገር አስቀድመሽ ከጎረቤት ጋር ተነጋገሪ። አሮጌው ሴራሚክና ሊሾ እስከ ሶሌታው ይነሳ፣ ቧንቧው በሙሉ ይቀየር፣ ቧንቧው ገና ሳይሸፈን ውሃ ሞልተው በግፊት ይፈትሹት። ከዛ ወለሉ ወደ ማፍሰሻው ያዘነበለ ሆኖ ይሰራ፣ ላዩ ላይ ውሃ መከላከያው ሁለት ጊዜ ይቀባ፣ ግድግዳው ላይም 20 ሳንቲም ያህል ይውጣ፣ ሻወሩ ጋ እስከ ሰው ቁመት። ማእዘኖቹ ላይ መረብ ይግባበት፣ የሚያፈሰው ሁልጊዜ ከማእዘንና ከማፍሰሻው ዙሪያ ነው።

ሲደርቅ ማፍሰሻውን ድፈኑና ወለሉን ውሃ ሙሉት፣ ጥቂት ሳንቲም ከፍታ፣ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጊ። 48 ሰአት ይቆይ። ምልክቱ ከወረደ ወይ ታች ከታየ እንደገና ይቀባል፣ ካልወረደ ሴራሚክ ይለጠፍ። የዚያን ምእራፍ ክፍያ ከዚህ ፈተና በፊት እንዳትሰጪ።

ታች ያሉትን ጎረቤቶች ከመጀመርሽ በፊት ሄደሽ አናግሪያቸው፣ አሁን ያለውን የጣሪያቸውን እድፍ አብራችሁ ፎቶ አንሱት፣ ውሃው በተሞላበት ቀንም ማታና ጠዋት እንዲያዩልሽ ለምኛቸው።

ፊኒሺንግ_ፎርማን፦

ጨምሪበት፣ ውሃው የሚሞላው የከተማው ውሃ በሚመጣበት ቀን ይሁን 😄 ሰሚት ውሃ በፈረቃ ነው መሰለኝ፣ ሮቶሽን ለዛ ጨርሰሽ ልጆቹን በምን ልታጥቢ ነው።